መቶ ሠላሳ ሦስት መጫወቻዎች በጋሽ በርናባስ ስም

የሀዋሳ ሰው መሃል ከተማ ያለውን የእኛን ቤተ መጻሕፍት የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ አንድም በእኔ፣ አንድም በጋሽ በርናባስ። እኔ በር ላይ ነኝ። ቦርሳ እቀበላለሁ፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ እሰጣለሁ፣ ሰው ሲወጣ ካርዴን ተቀብዬ ቦርሳውን ከፍቼ አይቼ አሰናብታለሁ። አስራ አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነው። ስሜ ብርቱካን ነው። ተማሪዎቹ ከኋላዬ ሌላ ስም አውጥተውልኛል፤ እሱን ግን አልነግራችሁም።

ጋሽ በርናባስ ደግሞ ውስጥ ናቸው። የንባብ አዳራሹም፣ መጻሕፍቱም፣ ወንበሩም፣ የግድግዳ ሰዓቱም በእሳቸው እጅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ አንድ መጽሐፍ አልጠፋባቸውም። ይህን በየስብሰባው ይናገራሉ፤ እንዴት እንዳልጠፋባቸው ግን አይናገሩም። እኔ ልንገራችሁ፣ አያውሱማ። አንድ ተማሪ መጽሐፍ ልዋስ ብሎ ከመጣ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቁታል፣ ቀጥሎ የዋስ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ደግሞ ስለ ዋሱ የሚመሰክር ሌላ ሰው። ልጁ እዚያ እስኪደርስ መጽሐፉን ስልኩ ላይ ፈልጎ አግኝቶ አንብቦ ጨርሶታል።

በድምፅ ነገርም ያው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ከተንሾካሾከ በእስክሪብቷቸው ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ይበቃል፣ ዝንብም ቢሆን ትቀመጣለች። እኔም እንዲህ ያለ ሰው ቤቱም ሲገባ ዝም ያለ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ስታገባ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ። መዘምራኑ መሃል ቆመው ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት ማን ናቸው? ጋሽ በርናባስ። የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል። ሰኞ ጠዋት ገና ሲገቡ፣ «ጋሽ በርናባስ፣ ያ ሁሉ ድምፅ ሳምንቱን የት ነው የሚቀመጠው?» አልኳቸው።

«ብርቱካን፣ አንቺ ቦርሳሽን ጠብቂ» አሉኝ። እሱንም በሹክሹክታ ነው ያሉት።

እንግዲህ ታቢታ የመጣችው በዚህ ቤት ላይ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ትምህርቷ በሕፃናት ነው። ሕፃን ልጅ ትምህርት ቤት ሳይገባ መጽሐፍ እየነካ፣ እየገለበጠ፣ ከፊደል ጋር እየተጫወተ ማደግ አለበት ትላለች። ከኮሪደሩ ጫፍ ያለውን የድሮ የጋዜጣ ክፍል ስጡኝ ብላ ጠየቀች። አይጥ እንኳ ሰልችቷት የተወችው ክፍል ነው። አለቆቻችን ተሰብስበው፣ እንደገና ተሰብስበው ፈቀዱላት፤ ግን ቀን ቆረጡ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ልጆች እየመጡ ከተጠቀሙበት ክፍሉ የልጆች ሆኖ ይቀራል፤ ካልመጡ ቢሮ ለጠበበው ለአንድ የሥራ ሂደት ይሰጣል። የዚያ የሥራ ሂደት ሰዎች ታዲያ ከየካቲት ጀምረው ሜትር ይዘው እየመጡ መስኮቱን ይለኩ ነበር፤ ለመጋረጃ።

ታቢታ ክፍሉን እንዴት እንዳደረገችው ብታዩ። ግድግዳው ተቀባ፣ ምንጣፍ ተነጠፈ። አናጢ ለምና የእንጨት ፊደሎች አሠራች፤ እያንዳንዱ የልጅ መዳፍ የሚሞላ። ልብስ ሰፊዋ ፋጡማ በቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊቶችና የጨርቅ መጻሕፍት ሰፋችላት፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በሲዳምኛ። በባዶ የሻይ ቅጠልና የብስኩት ካርቶን ትንሽ ሱቅ ተሠራ፤ ልጆቹ የዕቃውን ስም እያነበቡ እንዲሻሻጡ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ባጃጇ። ከፍሪጅ ካርቶን የተሠራች፣ ሰማያዊ የተቀባች፣ ሁለት ልጅ የምታስቀምጥ፣ ግንባሯ ላይ የምትሄድበት ሰፈር ስም የሚለጠፍባት። እኔም ማንም ሳያየኝ አንዴ ልገባባት ሞክሬ ነበር፤ አልበቃችኝም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ የሰው ስም ይፈልጋል። ታቢታ የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰች ንብረት በስሟ አይወጣም። በማን ስም ይውጣ? በጋሽ በርናባስ ስም ወጣ። ጋሽ በርናባስ ደግሞ በዚያው በሰኔ ሠላሳ ጡረታ ይወጣሉ፤ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ጡረታ የሚወጣ ሰው በስሙ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረክቦ ክሊራንስ ካልያዘ ጉዳዩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አይንቀሳቀስም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ጋሽ ባህሩ በአንዲት የግድግዳ ሰዓት ምክንያት ሁለት ዓመት ተመላልሰዋል። ሰዓቷ መጨረሻ የት ተገኘች? ግድግዳው ላይ። ቁጥሯ ተፍቆ ነው እንጂ የትም አልሄደችም ነበር። ጋሽ በርናባስ ይህን ታሪክ ባወሩ ቁጥር ተነሥተው የሰዓቷን ቁጥር ያያሉ።

ስለዚህ ምን አደረጉ? መጫወቻዎቹን ቁጥር ሰጧቸው። ከአንድ እስከ መቶ ሠላሳ ሦስት። በቀይ ቀለም፣ ከጎኑ ማኅተም። አሻንጉሊቶቹ እግራቸው ሥር ታተሙ። የባጃጇ ሦስት ጎማዎች ለየብቻ ቁጥር አላቸው፤ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ። ከዚያ ሁሉንም መስታወት ያለው ቁምሳጥን ውስጥ ደርድረው ቆለፉባቸው። ቁምሳጥኑ የማይበቃትን ባጃጅ በገመድ ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰሯት። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉና የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ጆሯቸው ጋ ደርሶ፣ ይጠብቁ ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንድ ልጅ መጣ። ሠላሳ አንዱም አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ፋጡማም ልጇን ሰኢድን ይዛ መጣች፤ አራት ዓመቱ ነው። «ያቺን» አለ ሰኢድ፣ እናቱ የሰፋቻትን አሻንጉሊት እያሳየ።

ጋሽ በርናባስ መነጽራቸውን አስተካክለው ቅጽ አወጡ። የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የዕቃው ቁጥር፣ የአሳዳጊ ፊርማ ይላል። ፋጡማ ሞላች። የመጨረሻው ዓምድ «የተፈለገበት ምክንያት» ይላል። ፋጡማ ግራ ገብቷት ቀና አለች።

«ምን ብዬ ልሙላው ጋሼ?»

«ለምን እንደፈለገው ነዋ።»

«ሊጫወትባት።»

«በዝርዝር» አሉ ጋሽ በርናባስ።

ፋጡማ በዝርዝር ስትጽፍ ሰኢድ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ እንቅልፍ ወሰደው። ተሸክማው ስትወጣ፣ «እንዲህ ከሆነማ በገዛ ጨርቄ ሌላ እሰፋለታለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኝ ልጅ መጣ። በሦስተኛው ሁለት፤ እነሱም ሽንት ቤት ፍለጋ ነው የገቡት። ታቢታ ጨዋ ልጅ ናት፣ ሽማግሌ አትናገርም። ግን አንድ ቀን አልቻለችም። «ጋሽ በርናባስ፣ ልጆቹ ካልነኩት እኮ ክፍሉ ይወሰዳል» አለቻቸው።

«ልጄ፣ አንዱ ከጠፋ ደግሞ እኔ እወሰዳለሁ» አሏት። ክፋት የለባቸውም፤ ፊታቸውን ብታዩት እሳቸው ናቸው የሚያሳዝኑት። ሠራተኛ ሆነው የኖሩት ያን ንጹሕ ወረቀት ይዘው በኩራት ለመውጣት ነው። ታቢታ እኔ ጋ መጥታ ከቦርሳዎቹ ኋላ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ ሰው ሲያለቅስ አላባብልም፣ እናደዳለሁ። በሁለቱም ተናደድኩ። በዚያው ቀን መጋረጃ የሚለኩት ሰዎች መጡ፤ ሜትራቸውን ቦርሳ ነው ብዬ ተቀብዬ ሲወጡ መለስኩላቸው።

የፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሰሞን መዋዕለ ሕፃናቱ ሁሉ ተዘጋ። ጋሽ በርናባስ ሐዳሳ የምትባል የልጅ ልጅ አለቻቸው፣ አምስት ዓመቷ። እናቷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስለምትሠራ የምትተዋት አጥታ ለአባቷ ለጋሽ በርናባስ ሰጠቻት፤ እሳቸውም ይዘዋት መጡ። ቁምሳጥኑን አንድ ሰዓት ያህል ተመለከተችው። ከዚያ የሚነካ ነገር ፍለጋ ወጣችና እኔን አገኘች።

እኔ ጋ ምን አለ? ካርድ አለ። ቁጥር የተጻፈበት፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ መቶ ሃያ ካርድ። ሐዳሳ ወንበሬ ላይ ወጣች። «አሁን እኔ አንቺ ነኝ» አለችኝ፤ እኔም ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። ስመለስ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ልጆች፣ የግቢው ሻይ ቤት ልጆች፣ ጉዱማሌ አደባባይ በዓሉን አይተው ከእናቶቻቸው ጋር የሚመለሱ ልጆች፣ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። አንዱ ጫማውን ያስረክባል፣ አንዷ የበዓል ኮፍያዋን። ሐዳሳ ትቀበላለች፣ ካርድ ትሰጣለች፣ ስድስት ናት ዘጠኝ ብለው ይጣላሉ፣ ገልብጠው አይተው ይታረቃሉ። እውነተኞቹ ተማሪዎች ቦርሳቸውን ይዘው ከኋላ ተሰልፈው ይስቃሉ። ታቢታ ከኮሪደሩ እያየች እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። የጠፉት ልጆች በሙሉ እኔ በር ላይ ናቸው።

ሐዳሳ እኔን መሆን ሲሰለቻት ተነሥታ ሌላ ሰው ሆነች። አገጯን ደረቷ ላይ አደረገች፣ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች፣ እስክሪብቶዬን አንስታ ጠረጴዛውን መታ መታ መታ አደረገች። ሰልፉ ዝም አለ።

አንዱ ልጅ፣ «ካርድ ስጪኝ» አላት።

«የለም። ተቆልፏል» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ለምን?»

«ጡረታ ልወጣ ነው።»

ተማሪዎቹ ፈነዱ። እኔም ሻዬን ይዤ ሳቅሁ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ዞር ስል ጋሽ በርናባስ የአዳራሹ በር ላይ ቆመዋል። ሁሉን አይተዋል። ጠረጴዛ አልመቱም፣ ማንንም አልተቆጡም። ተመልሰው ገቡ።

ምሳ ሰዓት ምግባቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጋ መጡ። «ብርቱካን፣ እንደዚያ ነው የማደርገው?» አሉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኧረ በጭራሽ፣ ልጅ ናት ይላቸው ነበር። እኔ አላልኩም። «አይደለም። እርስዎ ሁለቴ ነው የሚመቱት፣ እሷ ሦስቴ መታች» አልኳቸው።

ምግባቸውን እንደያዙ ሄዱ። ማታውኑ ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ጠዋት ግን ከእኔ ቀድመው ገብተዋል። ቁምሳጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባጃጇ ከገመዷ ተፈትታለች። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ለታቢታ ሰጧት። «ልጄ፣ አንቺ ያዢው። እኔ ጋ ካለ እቆልፈዋለሁ» አሏት። የሚሰጡት ቁልፍ ሳይሆን ጡረታቸው ነበር፤ ታቢታም ገብቷት በሁለት እጇ ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ነኝ ያየሁት፣ በእኔ በር ነውና የሚያልፈው። በሳምንቱ ፋጡማ ሰኢድን ይዛ ተመለሰች፣ ሦስት የጎረቤት ልጅ አስከትላ። ባጃጇ በቀን አርባ ጊዜ ትሞላለች፤ ረዳት የሆነው ልጅ መድረሻዋን እያነበበ ይጣራል፣ ያላነበበ አይሳፈርም። ሱቁ ውስጥ ሻይ ቅጠል አለቀ ተብሎ ይጮኻል። ሐዳሳ ከእንጨት ፊደሎቹ መሃል «በ»ን አገኘችና «ይቺ የአያቴ ናት» ብላ ለማንም አላስነካ አለች።

ጋሽ በርናባስም ወለሉ ላይ ወረዱ። መጀመሪያ ሰሞን ሲዘጋ ይቆጥሩ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አንድ ቀን ታቢታ አንድ የጨርቅ መጽሐፍ ሰጥታቸው ያንብቡልን አለቻቸው። ከሐይቁ ስለወጣ ጉማሬ ነው። በአማርኛ አነበቡት፣ ደግሞ በሲዳምኛ፤ ጉማሬው ጋ ሲደርሱ ያ የእሁድ ድምፅ ወጣ። ልጆቹ ጮኹ፣ ድገመው አሉ። የንባብ አዳራሹ ግድግዳ ተርገበገበ። ለፈተና የሚያጠና አንድ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መጣና በሩን በእስክሪብቶ ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ጋሽ በርናባስ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ጠየቁት። ያን ዕለት ሳይቆጥሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያም ወዲህ ሲቆጥሩ አላየሁም።

ሰኔ ሃያ ስምንት ኮሚቴው ለግምገማ መጣ። ክፍሉ ውስጥ የሚቆሙበት አጡ። መጋረጃ ከሚለኩት ሰዎች የአንዱ ልጅ ባጃጇ ውስጥ ተቀምጦ፣ ውጣ ሲሉት ገና አልደረስኩም አለ። ክፍሉ የልጆች ሆነ። ታቢታ እዚያው ሰው ፊት አቀፈችኝ። እኔ መታቀፍ አልወድም፤ የዚያን ቀን ግን ቻልኩት።

ርክክቡ በማግስቱ ነበር። የታቢታ የሙከራ ጊዜ ስላለቀ ዕቃው ወደ እሷ ስም ይዛወራል። ተቆጠረ። መቶ አስራ ስድስት። አስራ ሰባት ጎደለ። ጋሽ በርናባስ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግን ማንንም አልወቀሱም፣ «ያው ልጆች ናቸው» ብቻ አሉ። እኔ ነኝ ያበድኩት። አስራ አራት ዓመት የሰው ቦርሳ ስበረብር የልጅ ኪስ አልፈተሽኩማ። ፋጡማ ሰፈሯን አዳረሰች፣ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ሰኔ ሠላሳ ጠዋት ልጆቹ በእናቶቻቸው እጅ እየተጎተቱ መጡ። ከኪስ፣ ከካልሲ፣ አንዷ ከፀጉሯ ውስጥ አወጣች። ለእያንዳንዱ ካርድ ሰጠሁ፣ የተመለሰ ዕቃ ክብር ይገባዋል ብዬ። አስራ ስድስት ተመለሰ። አንድ ቀረ፤ ቁጥር ሰባ አንድ፣ የእንጨት «በ»።

ሐዳሳን ጠየቅናት። «ለባለቤቱ ሰጥቻለሁ» አለች። ባለቤቱ ማነው ብንላት ሳቀች። ልጅ ናት ብለን ተውናት። ንብረት ክፍሉ ደግሞ ልጅ ናት አይልም፤ ሰባ አንድ እስኪገኝ ክሊራንሱ አይፈረምም አለ። ጋሽ በርናባስ ሃያ ስድስት ዓመት የፈሩት ነገር በአንዲት ፊደል ደረሰባቸው። በሽኝታቸው ላይ ፎቶ ስንነሣ የሁላችንም ፊት የለቅሶ ነበር።

ከሐምሌ ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ይመጣሉ። አሁን እንግዳ ናቸው፤ እንደ ሰው ሁሉ የባለጉዳይ መዝገቤ ላይ ይፈርማሉ፣ የመጡበት ምክንያት በሚለው ዓምድ «የክሊራንስ ጉዳይ» ብለው ይጽፋሉ፣ ቦርሳቸውን ሰጥተው ካርድ ይቀበላሉ። ከዚያ ንብረት ክፍልን በሩቁ አልፈው የልጆቹ ክፍል ይገባሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ጉማሬው ሲያጓራ ይሰማል። ልጃቸው ትቆጣቸዋለች፣ አባዬ ጡረታህን አስጨርስ ትላለች። «የት ይሄዳል?» ይሏታል። ያ የግድግዳ ሰዓት ቁጥር ተነሥቶ ያይ የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

ሠራተኛ ሳሉ ቦርሳቸውን አንድም ቀን ከፍቼ አላውቅም፤ የሠራተኛ ቦርሳ አይፈተሽም። እንግዳ ከሆኑም በኋላ አፍሬ ዚፑን ነካ አድርጌ ነበር የማሳልፋቸው። ነሐሴ ላይ አንድ ሐሙስ ግን አዲስ አለቃ አጠገቤ ቆሞ ሥራዬን ያይ ስለነበር ከፈትኩት። መጽሐፍ ቅዱስ አለ፣ የመነጽር ቤት አለ፣ ባዶ ምሳ ዕቃ አለ። ሥሩ ላይ፣ በነጭ መሐረብ በጥንቃቄ የተጠቀለለ ነገር። ጫፉን ገለጥ አደረግሁ። የእንጨት «በ»። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ሰባ አንድ።

ቀና ስል እያዩኝ ነው። ጆሯቸው ቀልቷል። ሐዳሳ ለባለቤቱ ሰጥታለች፤ ባለቤቱም ካገኘው ቆይቷል፣ መሐረቡ ይመሰክራል። ፊደሉን ቢመልሱ ጉዳያቸው ያልቃል፤ ጉዳያቸው ካለቀ የሚመጡበት ምክንያት የላቸውም። ሽማግሌ ሰው ዝም ብዬ መጣሁ ለማለት ያፍራል። እኔ እያየሁ በዚህች በር አንድ ዕቃ ሾልኮ አያውቅም፣ እሱ ነው የእኔም ኩራት። መሐረቡን መለስኩ፣ ዚፑን ዘጋሁ፣ «ይለፉ ጋሽ በርናባስ» አልኩ። አለቃው ምንም አላየም።

ማክሰኞ በሦስት ሰዓት መጡ። መዝገቡን ገፋ አደረግሁላቸው። «የክሊራንስ ጉ» ብለው ሲጀምሩ እጄን ገጹ ላይ አደረግሁ።

«እዚህ ቤት ለመምጣት ክሊራንስ አያስፈልግም» አልኳቸው። «ትክክለኛውን ምክንያት ይጻፉልኝ። በዝርዝር።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው መሐረቡን አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። የጀመሩትን በአንድ መስመር ሰረዙ፣ ከጎኑ ፈረሙበት፣ መቼም ሥርዓት አይለቃቸውም። በዚያች በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው «መጫወት» ብለው ጻፉ።

ካርድ ቁጥር አንድን ሰጠኋቸው።